የታጠበው ወንበር

ቤኤር ሸቫ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም ታከለ፣

መርዶው የደረሰኝ ቀን ዖሜር በሚባለው ሰፈር የማጸዳውን ቤት መስኮት እየወለወልኩ ነበር። አስቀድሜ ሰላምታ ማቅረብ ይገባኝ ነበር፤ ይቅር በለኝ። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ከዚያ ቀን በቀር የሚጻፍ ነገር አልመጣ እያለኝ፣ ስጀምር ስቀድ ከረምኩ። አሁን እሱን ላስቀድምና ሰላምታው ይከተል።

ብቻዬን ሆኜ መንገድ ላይ አልሰማሁም፤ እሱን አታስብ። እንደ አገራችን ወግ ነው የነገሩኝ። ሊወስደኝ የመጣው ሻሐር ነው፤ ከጊዲ ጋር አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚጭን የእኛው ልጅ፣ እዚሁ የተወለደ። የመጣውም በልጄ በጊዲ መኪና ነበር።

«እማማ፣ ጊዲ ትንሽ አሞታል። ቤት ላድርስሽ» አለኝ።

«ካመመው ወደ እሱ ውሰደኝ እንጂ። ቤት ምን አለኝ?»

«መጀመሪያ ቤት ብለዋል።»

«እነማን ናቸው ያሉት?»

የመኪናውን በር ከፈተልኝ። የፊት ወንበሩ ወደ ኋላ ተጋድሞ ነበር፤ ማንሻውን ስቤ አቀናሁና ተቀመጥኩ። ሻሐር መሪውን በሁለት እጁ እንደ ጨበጠ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር ነዳ። ሕንጻችን ደጅ ስንደርስ አባባ ቢምረውና ሌሎች ሽማግሌዎች ቆመዋል። በሥራ ቀን፣ በቀትር፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ደጅ የሚቆመው ለምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

ቤት ከገባን በኋላ አባባ ቢምረው «ይሻሽ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉኝ።

አልቀመጥም አልኩ። ቆሜ ካለሁ አይነግሩኝም ብዬ ነው። ውሃ ላምጣላችሁ፣ ወንበር ልጨምር እያልኩ ከክፍል ክፍል ዞርኩ። እነሱም አልተቆጡኝም፤ ጠበቁኝ። በመጨረሻ የማመጣው ወንበር አለቀ፤ ተቀመጥኩ፤ ነገሩኝ።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስህ። ለባለቤትህና ለልጆችህም እንዲሁ። ጋራዥ ውስጥ የፈነዳው ጎማ ጆሮህን ከወሰደው ወዲህ ስልክ ለእኔና ለአንተ ከንቱ ዕቃ ሆኗልና በወረቀት እንላቀሳለን። ይህን ወረቀት በስልኳ አንሥታ የምትልክልህ ልጄ ኤላ ናት። አማርኛ ትሰማለች፣ ፊደላችንን ግን አታነብም። ትናንት «ኢማ፣ ምንድን ነው ይህን ያህል የምትጽፊው?» አለችኝ። «ሰላምታ ነው» አልኳት። «ሦስት ገጽ ሰላምታ?» ብላ ሳቀች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

መኪናውን አልሸጥነውም። ኤላ ለማንም አይሰጥም ብላ ይዛዋለች። አሽቀሎን ነርስነት እንደምትማር ታውቃለህ፤ ቀድሞ ከታሃና መርካዚት፣ ከመናኸሪያው፣ በአውቶቡስ ነበር የምትመላለሰው፣ አሁን በወንድሟ መኪና ነው። እኔን አስጨንቆ የያዘኝም ይህ ነው። ከመሪው ፊት ለፊት አንድ ቀይ መብራት በርቶ አልጠፋ ብሏል። የተቀመጠ ሰው ሥዕል ነው፣ ከደረቱ ፊት ክብ ነገር ያለው። የኤርባጉ፣ የአየር ከረጢቱ፣ መብራት ነው አሉኝ። እሱ እንደ በራ መኪናው ቢጋጭ፣ ያ ከረጢት ተነፍቶ ሰውን ላያድን ይችላል። ኤላ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ለጥፋበት ትነዳለች። እኔ ወርጄ እልጠዋለሁ፤ እሷ ሌላ ትለጥፋለች።

አንተ ዕድሜህን ከመኪና ሽቦ ጋር ነው የኖርከው። እኔ አንዱን ልጄን ቀብሬአለሁ፤ የቀረችኝ በዚያ መኪና ወጥታ እስክትመለስ ድረስ እህል አይወርድልኝም። ምን ላድርግ?

እህትህ ይሻሽ


ጎንደር፣ ጥር 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለይሻሽ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከዚህ በላይ የምለው ባጣ አትቀየሚኝ።

እኔን እንዴት እንዳረዱኝ ልንገርሽ፤ ለደንቆሮ ሰው መርዶ መንገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እነሱም እኔም ያወቅነው ያን ቀን ነው። ሳይነጋ መጥተው ከበቡኝ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እኔ ምንም አልሰማም። ያ ሁሉ ሰው በጠዋት ሲመጣ፣ ወደ እናንተ የምንመጣበት የጉዞ ፈቃዳችን የወጣ መሰለኝ። እየተነሣሁ ጉልበታቸውን መሳም ጀመርኩ። ከዚያ የሚስቴን ፊት አየሁ። እስከ ዛሬ እነዚያን ሰዎች መንገድ ላይ ሳገኛቸው አፍራለሁ።

ስለ መብራቱ የእኛ ጋራዥ መድኃኒት አንድ ነው፤ አምፖሉን ነቅሎ መጣል። ሹፌሩ ደስ ይለዋል፣ ተሳፋሪው አያውቅም፣ የቀረውን እግዚአብሔር ይጠብቃል። ወደ እኛ ከሚመጡት መኪኖች ብዙዎቹ ከረጢቱ ራሱ የላቸውም፤ ሌላ አገር ተነፍቶ ቀርቷል። ስለዚህ እንደ አዋቂ አትቁጠሪኝ፤ በዕድሜዬ አንዱንም ከፍቼ አላየሁም። ላንቺ ግን አምፖሉን ንቀይ አልልሽም። የኤላ ተለጣፊ ወረቀትም ያው እንደኛው ሥራ ነው፣ ንገሪያት።

ሽቦ ግን የትም አገር ሽቦ ነው። ደህና ሲሠራ የኖረ ነገር በራሱ አይታመምም፤ አንድ ነገር ነክቶት ነው። የቱ ወገን እንደሆነ ባለሙያው ይናገር። ወንበሩ ሥር ዕቃ ተከቷል ወይ? ሰው ነካክቶታል ወይ?

በኋላ በላክሽልኝ አጭር ወረቀት፣ ኤላ ስትወስድሽ ከኋላ ወንበር እንደምትቀመጪና እሷም «ኢማ፣ የታክሲ ሹፌርሽ ነኝ?» እያለች እንደምትቆጣ ጽፈሻል። ይህን አልወደድኩትም። አንቺ በልጅነትሽ እባብ ገባ ሲባል እንኳ ቀድመሽ የምታዪ ነበርሽ። መብራት ፈርተሽ ኋላ አትቀመጪም። የሸሸግሽኝ ነገር አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል።

የእኛ ነገር እንዳለ ነው። ስማችሁ ከሚጓዙት ዝርዝር ውስጥ አለ ይሉናል። ስማችን እዚያ ካለ እኛ እዚህ ምን እንደምንሠራ የሚነግረን ግን የለም።

ወንድምሽ ታከለ


ቤኤር ሸቫ፣ ጥር 26 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም ታከለ፣

እንደምን ከረምክ። የዘገየሁት ይህን ወረቀት ከኤላ በቀር የሚያነሣልኝ ሰው ስፈልግ ነው። በኋላ ግን የማታነበውን ምን አስፈራኝ ብዬ ተውኩት። ይኸው እሷው ትልክልሃለች። ወረቀቱ እንዳይታጠፍ በጣቷ ይዛ ስታነሣ አጠገቧ ቆሜ አያታለሁ፤ ይህም አንድ ቅጣት ነው።

የታመመው የቀኙ ወገን ነው፤ ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር። ሃዒር ሃዓቲቃ በሚሉት በአሮጌው ከተማ ውስጥ ዚቭ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ፤ ኮምፒዩተር ሰክቶ ያነበበው ይህንን ነው፤ አንዱ ወገን ሲታመም የሹፌሩም ከረጢት ላይነፋ ይችላል ብሎናል። ወንበሩ ሥር ያለውን ቢጫ መሰኪያ ነቀለ፣ ጠራርጎ መልሶ ሰካ፣ መብራቱን አጠፋው። ለጥቂት ቀን ጠፍቶ ሰነበተና አንድ ጠዋት ተመልሶ በራ። ሁለተኛ ስንሄድ አንገቱን ከወንበሩ ሥር ሳያወጣ «እዚህ ውሃ ገብቷል?» አለ።

«አልገባም» አለች ኤላ።

እኔ ከጎኗ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ።

ዝም ያልኩበትን ልንገርህ፤ ከኋላ የምቀመጥበትም ምክንያት ይኸው ነው። ሺቫ የሚሉት የሰባት ቀን ለቅሷችን ሲያበቃ ሻሐር ለብቻዬ አነጋገረኝ። ያን ቀን ጊዲ ሥራ ላይ እያለ ደረቱን ያዘው። ሻሐር ለኤላ ደወለ፤ የሕክምና ነገር የምታውቅ እሷ ናት ብሎ ነው። አሽቀሎን ክፍል ውስጥ ነበረች። «አምቡላንስ አትጠብቅ፤ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፤ በመኪናው ይዘኸው ሂድ» አለችው። ሻሐር የፊቱን ወንበር ለጥጦ አስተኛውና ነዳ። ጊዲ ሆስፒታል አልደረሰም፤ መንገድ ላይ፣ እዚያ ወንበር ላይ ነው የሞተው።

ሻሐር ግን ለኤላ፣ ጊዲ ሆስፒታል በሕይወት ደርሷል፣ ሐኪሞች ብዙ ደክመውበታል ብሎ ነገራት። አዝኖላት ነው። እሷም እስከ ዛሬ የምታውቀው ይህንኑ ነው። ለቅሶ ለሚደርሳት ሁሉ «ቢያንስ በሐኪም እጅ ላይ ነው የሞተው» ትላለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ራሴን እነቀንቃለሁ።

አየህ፣ ሻሐር ሊወስደኝ ሲመጣ ተጋድሞ አግኝቼ በእጄ ያቀናሁት ወንበር ያ ነው። ልጄ በሞተበት ላይ ተቀምጬ ነው ወደ መርዶው የሄድኩት።

ሻሐር በነገረኝ ማግስት፣ ኤላ በአውቶቡስ ወደ ትምህርቷ እንደ ሄደች፣ ባልዲ ይዤ ወረድኩ። ሬሳ ያረፈበት ነገር ሳይታጠብ አድሮ በእናታችን ቤት አይተህ ታውቃለህ? እዚህ ያሉ ረቢዎች ይህ አያስፈልግም ይሉናል፤ ይበሉ። መቀመጫውን፣ ጀርባውን፣ ቀበቶውን፣ ወለሉን፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ባልዲ በባልዲ አፈሰስኩበት። ጎረቤቶች ከመስኮት ያዩኝ ነበር። የልጄን ሬሳ እንዳጥብ አልፈቀዱልኝም፤ እዚህ ያንን የሚሠሩ ሌሎች ናቸው። እኔ ያጠብኩት ወንበሩን ነው።

መብራቱ የበራው ከዚያ ወዲህ ነው። በአንድ ጊዜ አልበራም፤ ሰንብቶ ነው፤ ስለዚህ አላገናኘሁትም ነበር። ዚቭ ስለ ውሃ ሲጠይቅ ግን ባልዲው ትዝ አለኝ።

ለዚቭ «አጥቤዋለሁ» ብል ኤላ «ለምን?» ትለኛለች። ሌላ ሰው አይገባውም፤ እሷ ግን ይገባታል። አባቷ ቤት ውስጥ ሲሞት አልጋውንና ወለሉን ሳጥብ አይታኝ «አባቴ ቆሻሻ ነው?» ብላ ተጣልታኝ ነበር። ልጅ ነበረች። አስቀምጬ አስረዳኋት፤ ቆሻሻ ስለሆነ አይደለም፣ የምናጥበውም ነፍስ የወጣበትንና ሬሳ ያረፈበትን ብቻ ነው ብዬ በገዛ አፌ አስተማርኳት። አሁን ያንን ወንበር አጠብኩት ባልኩ ቀን ሁሉንም ታውቃለች። ይዘኸው ሂድ ያለችውም እሷ ናት።

ብናገር ልጄ በራሷ ላይ ትፈርዳለች። ዝም ብል ያ ከረጢት ሳይሠራ በዚያ ሁሉ ጭነት መኪና መካከል ትነዳለች። ወዴት ልዙር?

ውሃው ይሆን? አይደለም ብትለኝ ደስ ይለኛል።

ይሻሽ


ጎንደር፣ የካቲት 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለይሻሽ፣

አይደለም ብልሽ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ውሃው ነው።

የመኪና ምንጣፍ ከላዩ ቶሎ ይደርቃል፤ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ግን ውሃ ይዞ ይከርማል። ሽቦው የሚያልፈው በዚያ ውስጥ ነው። መዳብ እርጥበት ላይ ሲቀመጥ አረንጓዴ እያወጣ ይበላል። ሰውየው ሞኝ ስላልሆነ ነው ስለ ውሃ የጠየቀው፤ አልገባም ሲባል ደግሞ የደንበኛውን ቃል አምኖ ተወው። እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ወንበሩ ተነሥቶ ምንጣፉ ይገለጥ።

ለጊዜው የሚያወጣሽ ከሆነ፣ ውሃ ተደፋብኝ በይ። በዚህ ዕድሜዬ ውሸት ሳስተምር አያምርብኝም፤ ግን የልጅቱ ነፍስ ይቀድማል።

ስላጠብሽው አትዘኚ። እኔም እዚያ ብኖር አንዱን ባልዲ እይዝልሽ ነበር።

የቀረው፣ የኤላ ነገር፣ ከሽቦ በላይ ነው። ጸልዬ እጽፍልሻለሁ።

ታከለ


ቤኤር ሸቫ፣ መጋቢት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም ታከለ፣

ኤላ ደህና ናት። መጀመሪያ ይህን ላስቀምጥ። ባለፈው ሳምንት ስለ ግጭቱ በሁለት መስመር ብቻ ጽፌ አስደንግጬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። በእግሯ ቆማ ትሄዳለች። የተሰበረ የላትም።

የመከርከኝን ሞክሬዋለሁ። ዚቭ ጋ ሄደን «አንድ ጊዜ ውሃ ተደፍቶበት ነበር» አልኩት በተሰባበረ ዕብራይስጤ።

ኤላ ዞር ብላ አየችኝ። «አንቺ? አንቺ ከፊት መቼ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?»

«ድሮ። ጊዲ እያለ።»

«ምን ያህል ውሃ?» አለ ዚቭ።

«ጠርሙስ።»

«ትልቅ ጠርሙስ ወይስ ትንሽ?»

«ትንሽ» አልኩ። ለምን ትንሽ እንዳልኩ አላውቅም።

ዚቭ ሳቀ። «እማማ፣ ለትንሽ ጠርሙስ ወንበር አልነቅልም» አለና መሰኪያውን እንደገና ጠርጎ፣ መድኃኒት ነፍቶበት መለሰው። መብራቱ ጠፋ። ኤላ ተለጣፊ ወረቀቷን ጠቅልላ ጣለችው። እኔም እውነቱን በትንሽ ጠርሙስ ለክቼ የተገላገልኩ መስሎኝ ያን ሌሊት ተኛሁ።

ሰንበቱ አልፎ መብራቱ ተመለሰ። በዚያው ሳምንት ከአሽቀሎን ስትመለስ ከፊቷ የነበረ ጭነት መኪና ድንገት ቆመ። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር አልጻፍልህም፤ እኔም በዝርዝር አልጠየቅኋትም። የመኪናው አፍንጫ ተጨራምቷል። ከረጢቱ አልተነፋም። ዚቭ በዚያ ፍጥነት ደህናውም ላይነፋ ይችላል ይላል። ይሆናል። ልብሷን ስትቀይር ግን ቀበቶው ትከሻዋ ላይ የተወውን ሰማያዊ መስመር አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ቁልፉን ደበቅሁባት። እሷም አገኘችው።

«እስረኛ ነኝ?» አለችኝ።

«መብራቱ እስኪጠፋ ብቻ በአውቶቡስ ሂጂ።»

«መብራቱ አይጠፋም። አንቺም ከኋላ ወንበር አትነሺም። ይህ ቤት የማይነገር ነገር አለበት፣ ኢማ፤ እዚህ መተንፈስ አቅቶኛል።»

ይህንን ያለችኝ በዕብራይስጥ ነው፤ በአማርኛ ብትለው ያን ያህል አይከብደኝም ነበር። መተንፈስ ያቃተኝ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አባባ ቢምረው ቤት ሄድኩ። የዚያን ቀን ያረዱኝ እሳቸው ስለሆኑ ሌላ የምሄድበት የለኝም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መኪናውንም፣ ወንበሩንም። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ይሻሽ፣ መርዶ በግማሹ ይነገራል?» አሉኝ።

«አይነገርም፣ አባባ።»

«ታዲያ የዚህችን ልጅ ግማሽ ማን አስቀረው?»

«እኔና ሻሐር።»

«እኛም አለንበት። ምንም አላወቅንም ብል ውሸቴን ነው። በባልዲ ስታጥቢ አይተንሻል፤ ምን እንደሆነም ገብቶናል፤ አልጠየቅንሽም።» ቀጥለውም «ለብቻሽ እንዳትነግሪያት። እንዲህ ያለ ነገር ከአንድ አፍ ከወጣ ይወጋል። ሰው ተሰብስቦ፣ በወጉ ይነገራት» አሉ።

«የሞተው እኮ ተቀብሯል፣ አባባ። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ መርዶ አለ?»

«እሷ የሰማችው ሌላ ሞት ነው» አሉኝ።

ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተስማምተናል። አንተ አጎቷ ነህና ያለ ፈቃድህ አላደርገውም። እስከዚያ መኪናውን ዚቭ ጋ ለአፍንጫው ጥገና ብለን አስቁመነዋል፤ እሷ በአውቶቡስ ትሄዳለች፣ እኔን አታናግረኝም። ከመናገርና ከዝምታ የቱ እንደሚገድላት አላውቅም። የምታውቀውን ጻፍልኝ።

ይሻሽ


ቤኤር ሸቫ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም ታከለ፣

ፈቃድህ በጊዜው ደርሶኛል፤ በዚያ ጠዋት አባባ ቢምረው ለተሰበሰበው ሰው አንብበውታል። ስለዚህ አንተም ከሽማግሌዎቹ እንደ አንዱ ተቀምጠህ ነበር ማለት ነው። መልሱን ያዘገየሁት ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሳላይ መጻፍ ፈርቼ ነው።

ኤላ ለትምህርት ልትወጣ በሩን ስትከፍት ደጅ ላይ አገኘቻቸው። ሻሐር ከኋላቸው ነበር። ወደ እኔ ዞራ «ደግሞ ማን ሞተ?» አለች።

«አዲስ የሞተ የለም፤ ተቀመጪ» አልኳት።

እንደ እኔ ከክፍል ክፍል አልዞረችም። ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ ወዲያው ተቀመጠች። አባባ ቢምረው በአማርኛ ነገሯት፣ ቀስ ብለው፣ ምንም ሳያስቀሩ። ሻሐር ደግሞ ያው ቃል እንዳይጎድል በዕብራይስጥ ደገመላት። እሷ የምታየው እሱን ብቻ ነበር።

«እየነዳህ እያወራን ስልኩ ለምን ተቋረጠ?» አለችው። «ባትሪ አልቆብኝ ነው አላልከኝም?»

«እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

«መቼ?»

«መተንፈስ ሲያቆም። እንዳትሰሚ ብዬ።»

ተነሥታ ደረቱን በሁለት እጇ ገፋችው። ደጋግማ ገፋችው፤ እሱም እጁን አላነሣም። ሰዎቹ ሊይዟት ሲሉ አባባ ቢምረው ተዉአት አሉ። ሲደክማት እዚያው ደረቱ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ያን ጊዜ ሁላችንም አለቀስን፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን።

ጸጥ ሲል «ይዘኸው ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች።

እኔ አይደለሽም ልላት አፌን ስከፍት አባባ ቢምረው ቀደሙኝ። «አዎ፣ አንቺ ነሽ» አሏት። «ወንድምሽ ቶሎ እንዲደርስ የፈለግሽው አንቺ ነሽ። እኛም እዚያ ቆመን ቢሆን ያንኑ እንል ነበር። አይደለሽም ብለን አንዋሽሽም፤ ብቻሽንም አንተውሽም።»

ብዙ ቀን በር ዘግታ ሰነበተች። የከፋው ፍርሃቴ የመጣው ያኔ ነው፤ በሩ ላይ ጆሮዬን አስደግፌ ትንፋሿን እሰማ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ልብሷን ለብሳ ወጣችና «ነይ፣ ዚቭ ጋ እንሂድ» አለችኝ።

እዚያ ስንደርስ እኔ እንድናገር አልጠበቀችም። «እናቴ ወንበሩን አጥባዋለች» አለችው። «በትንሽ ጠርሙስ አይደለም። በባልዲ። ወንድሜ እዚያ ላይ ስለሞተ ነው። እኛ እንደዚያ እናደርጋለን።»

ዚቭ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ወደ እኔ ዞሮ «ስንት ባልዲ?» አለኝ።

«እስኪጠራ ድረስ» አልኩት።

ወንበሩን ነቅሎ ምንጣፉን ሲገልጥ የረጋ ውሃ ሽታ ወጣ። ስፖንጁን ሲጨምቀው ውሃው እጁ ላይ ወረደ። እንዳልከው ነበር፤ ሽቦው አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል። የተበላውን ቆርጦ በአዲስ ቀጠለ፣ መሰኪያውን ለወጠ፣ ስፖንጁን አውጥቶ ፀሐይ ላይ አሰጣው። መብራቱ ከጠፋ ወዲህ አልተመለሰም። መኪናውም የዓመት ምርመራውን አልፏል።

ቢሆንም ሁሉም ተፈታ ብዬ አልጽፍልህም። አምቡላንስ ቢጠብቁ ይተርፍ ነበር ወይ ብላ መምህራኗን ጠይቃለች። አንዱ ምናልባት ብሏታል፣ አንዷ አይመስለኝም ብላታለች። እሷም ሁለቱን ይዛ ትዞራለች። ሲመጣባት ግን አሁን ወደ እኔ ትመጣለች እንጂ በር አትዘጋም። ትናንት ሥራ እያለሁ መጥታ፣ የማጸዳውን ወለል እያየች፣ «ኢማ፣ ስታጥቢው ምን ትይው ነበር?» አለችኝ። «ስሙን ነበር የምጠራው» አልኳት። መጥረጊያውን ከእጄ ተቀብላ የቀረውን እሷ ጨረሰችው።

ይህንንም ደብዳቤ አነበብኩላት። ከእንግዲህ የማታውቀውን ነገር በእጇ እንድትልክ አላደርጋትም። አንድ ቃል እንዲወጣ አልፈለገችም፤ አንድ ነገር ግን ጨምሪ ብላኛለች። ይህኛውን ለዘመድ ሁሉ እንደምታነብ ታውቃለችና እነሆ ጨምሬአለሁ።

ይህን የምታነቡና ሲነበብ የምትሰሙ ዘመዶቻችን፣ ስለ ልጄ ስለ ጊዲ ጸልዩልን። አታውቁትም፤ እዚህ ተወልዶ እዚህ የቀረ ነው። በወጣትነቱ የጠራው አምላክ ነፍሱን ከአባቶቻችን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ዘንድ ያሳርፍለት። ማልዳችሁ ስትነሡ ስሙን አንድ ጊዜ ጥሩልኝ። ስትጸልዩለት ግን «እንዲህ ቢደረግ ኖሮ» የሚል ቃል አትጨምሩበት። እህቱ ትሰማለች።

እናቱ ይሻሽ